እኩል እግር ያላት ላ

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከደሴ ተነሥቼ ላሊበላ፣ ከአሸተን ማርያም ገዳም ግርጌ ወዳለች ቀበሌ ተላክሁ። ክፍሌ ጎተራ የነበረ ቤት፣ ተማሪዎቼም እናትና አባት የሚሆኑኝ ሰዎች ናቸው። «መምህርት» ሲሉኝ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ከመካከላቸው አንዱ ብር ሠሪ ናቸው፤ ጠገራ ብር አቅልጠው የአንገት መስቀልና ጉትቻ የሚሠሩ ሽማግሌ። በመደቡ ጥግ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። በእሳቸውና በሌሎቹ መሀል ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነው።

ከፊት የሚቀመጡትን ወይዘሮ «ለምን አይጠጓቸውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቀጥቃጭ አይደለም እንዴ? ቡዳ ነው፤ ከቤቱ ውሃ እንኳ አይቀመስም» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አንገትዎ ላይ ያለውን መስቀልስ ማን ሠራው?»

«እሱ ነዋ!»

ሳቄ አመለጠኝ።

በማግስቱ ሥራ ቤታቸው ሄጄ «ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«ቀጥቃጭ ልትባዪ ነው?»

«እኔ ፊደል አስቆጥርዎ የለ? እርስዎ ደግሞ ብር ያሳዩኝ።»

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት በኋላ ወናፍ እነፋለሁ፣ እቀጠቅጣለሁ፣ ጣቴን አቃጥላለሁ። የመጀመሪያዋ ቀለበቴ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነች። እሷን አድርጌ ክፍል ስገባ፣ ተማሪዎቼ ቡዳ በልቷት ይሆን ብለው እየሰጉ «ደኅና አደርሽ?» የሚሉኝ ከልባቸው ሆነ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ላ»ን ጽፌ «አንዷ እግሯ ትረዝማለች» ስል ብር ሠሪው ብድግ አሉ።

«ትረዝማለች?»

ከኪሳቸው አዲስ መስቀል አወጡ። በመስቀሎቻቸው ጀርባ ሁሉ «ላሊበላ» ብለው ይቀርጻሉ፤ ድሮ አንድ ቄስ የጻፉላቸውን እያዩ እንጂ አንብበው አያውቁም። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ለ... ሊ... በ... ለ። ወይ ጉዴ! የቄሱ እጅ ተንቀጥቅጦ መስሎኝ እግሮቿን እኩል አደረግኋት። ሃያ ዓመት ሙሉ!»

ወይዘሮዋ መስቀላቸውን ከደረታቸው መዥረጥ አደረጉ። «ለሊበለ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሁሉም ማተቡን እየሳበ «የኔም! የኔም!» እያለ ሽማግሌውን ከበባቸው። ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው በሳቅ ሲንፈራፈሩ፣ እኔ ሆዴን ይዤ መሬት ተቀመጥሁ።

ድንገት የዘመቻው ተቆጣጣሪ በሩ ላይ ቆመ።

«ጓዶች፣ በመስቀል ምን እየሠራችሁ ነው?»

ሁሉም ማተቡን ወደ ደረቱ መለሰ። ወይዘሮዋ ግን አልደነገጡም። «ንባብ ነው፣ ጓድ። ስህተትም አግኝተናል።»

ተቆጣጣሪው ግራ ተጋብቶ ዞር ዞር ብሎ አየን፤ «በርቱ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ የብር ሠሪው ደጅ በሰው ተሞላ፤ ሁሉም የላን እግር ሊያስረዝም። አንድ አዛውንት ብቻ «የለመድኩትን ለሊበለዬን አልሰጥም» ብለው ቀሩ። ወይዘሮዋ የራሳቸውን እኔ እንድቀርጽላቸው ፈቀዱ። መሮው አመለጠኝና የላ እግር እስከ መስቀሉ ጫፍ ሸመጠጠች።

«ይሁን፣ የሩቅ መንገደኛ ናት» አሉ ወይዘሮዋ፤ የብር ሠሪው ሚስት ጠላ ይዘው ብቅ ሲሉም ከእጃቸው ተቀብለው እስከ አተላው ጠጡት።