ስሙ የማይጠራው ዳርቻ

ዶርካስ ወሬ ስትጀምር ዓሣው ሳይቀር ወደ ዳር ተጠግቶ ያዳምጣል። አንድ ቃል ብቻ ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ የአማቷ ስም። በእኛ አገር በፊንሽሃፈን ምራት የአማቷን ስም ከምትጠራ ምላሷን ብትውጥ ይሻላታል፤ እኛም እሷ ፊት አንጠራውም። ችግሩ፣ ከመንደራችን በታች ያለው ዳርቻ የሚጠራው በሟቹ አማቷ ስም መሆኑ ነው።

ታዲያ ክሌም የሚባል አውስትራሊያዊ፣ አባቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከነጓዶቹ ከጀልባ የወረደበት ቦታ ላይ ሊተክለው የመታሰቢያ የብረት ምሰሶ ተሸክሞ መጣ። ያን ቀን አይቶ ዛሬም በሕይወት ያለ ሰው ዶርካስ ብቻ ናት፤ በልጅነቷ ማንጎ ዛፍ ላይ ተደብቃ አይታለች። የጎረቤት መንደሩ ያሲንግ ምንም ሳያይ "የወረዱት እኛ ዳርቻ ነው" ብሎ ድርቅ አለ።

"እማማ ዶርካስ፣ የት ነው የወረዱት?" አለ ክሌም።

"የባሌ አባት ዳርቻ ላይ።"

"ስሙ ማን ነው?"

"ረጅም ሰው ነበር። ሲያንኮራፋ ኮኮናት ያረግፋል።"

"ስሙስ?"

"የተጠበሰ ዓሣ ነፍሱ ነበር።"

"አየህ፣ እሷ አታውቀውም" አለው ያሲንግ ክሌምን፣ ወጉን እያወቀ። "አንቺ ዶርካስ፣ ስንቱን ስትለፈልፊ ኖረሽ ዛሬ አንዲት ቃል አነቀችሽ?"

ዶርካስ ብድግ አለች። "ተከተሉኝ። አንተም ና፣ ምላሰኛው።"

ዳርቻው ላይ ስትደርስ በሰባ ዓመቷ ያንኑ ማንጎ ወጣች። እኛ ወንዶቹ ፊታችንን አዞርን።

"ባሕሩ ውስጥ ግቡና እንደ እነሱ ወደ እኔ ኑ። ያሲንግ፣ አንተ ቅደም።"

"ለምን እኔ?"

"ከፊት የነበረውም እንዳንተ ቦርጫም ነበር። ወደ ግራ። ትንሽ ወደ ግራ።"

ያሲንግ ወደ ግራ ረገጠና ከነባርኔጣው ጠፋ።

"ልክ እዚያ ጋ ነው የሰመጠው" አለች ዶርካስ። "ያኛው መጥበሻም በጀርባው አንጠልጥሎ ነበር።"

ክሌም ውኃው ውስጥ እንደቆመ ሳቅ ጣለው። አባቱ የጦር ክፍሉ ወጥ ሠሪ ነበር፤ "ጠላት ሳይተኩስብኝ ባሕሩ ከነመጥበሻዬ ዋጠኝ" እያለ ሲያወራ ኖሮ ነው በእርጅና የሞተው። ክሌም ይህን ለማናችንም አልነገረንም ነበር።

ምሰሶው ተተከለ። ክሌም ቀለሙን አውጥቶ "የዳርቻውን ስም ማን ብዬ ልጻፍ?" ሲል፣ ውኃ የሚያንጠባጥበው ያሲንግ አፉን ከፈተ።

"ዝጋው" አለች ዶርካስ ከላይ። "እዚያ ላይ ስም ከተጻፈ አልወርድም። ቁርስና እራቴን ታመላልሱልኛላችሁ።"

የመንደራችን ፓስተር መጥቶ ለመናት፤ እምቢ። ክሌም ቢቸግረው "ከጀልባ የወረዱት እዚህ ነው" ብቻ ብሎ ጻፈ። እሷም ወረደች፤ ምሰሶውን ዞራ ዞራ አየችው።

"ወደ ያሲንግ መንደር አዘንብሏል" አለች። "አቃኑት።"