ሳልወርድ ያለፍኩት ቤተ ክርስቲያን

ብስክሌት መንዳት የተማርኩት ለጣሊያን ደብዳቤ ለማመላለስ ነው። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያኮሳትርብኝ ሰው አለ፤ ያኮሳትር። አባቴ ደብረ ማርቆስ ታስሮ ነበር። አርበኞች ሲያልፉ ቤታችን ገብተው እህል ቀምሰዋል ተብሎ ከአገር ቤት ተይዞ ከመጣ መንፈቅ ሆኖታል። ስንቅ ላቀብለው ተከትዬው መጥቼ ከተማ ውስጥ ስንከራተት፣ በጣሊያኖቹ ሰፈር የብስክሌት መልእክተኛ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና ገባሁ። ከዚያ በፊት ብስክሌት ነክቼ አላውቅም፤ እነሱም የሚያውቅ ሰው አላገኙም መሰለኝ ተቀበሉኝ። እስር ቤቱ አጠገብ የሚያሳድረኝ ይሁን እንጂ ድንጋይ መፍለጥም ቢሆን እሺ እል ነበር።

መልእክተኞቹ ስድስት ነበርን። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጠው ዱሮ በቅሎ እየጫነ እስከ ጎንደር የሚነግድ ሰው ነበር፤ ጋሼ እንለዋለን። ብስክሌቱን ባቆመ ቁጥር ሳይታወቀው መሪዋን ይደባብሳታል። ሌላው ቅኔ ቤት ጀምሮ ያቋረጠ ዲያቆን ነው፤ አፉ አያርፍም። የቀሩት ሦስቱ እንደ እኔ ሥራ አጥተው የገቡ ጎረምሶች ነበሩ።

የሚያዘን ካፒቴን በአገሩ በብስክሌት ይሽቀዳደም ነበር አሉ። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብናገር ይቀለኝ ነበር፤ ለእኛ ግን ክፉ አልነበረም። እጁን ቅባት እያስነካ ሰንሰለታችንን ራሱ ያጠብቅልናል፤ ዳገት ላይ ጉልበት እንዴት እንደሚቆጠብ ቁጢጥ ብሎ በጭራሮ መሬት ላይ እየጫረ ያሳየናል። የሚያነጋግረን ቱርጁማን እያስተረጎመ ነው። ቱርጁማኑ ከባሕር ጠረፍ የመጣ፣ አማርኛውም ያገራችንን ልማድ ማወቁም ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ሰው ነበር።

ጥር ላይ አንድ ትልቅ ሹም ከባሕር ዳር በኩል በመኪና ደምበጫ ድረስ መጥቶ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል ተባለ። ካፒቴኑ መንገዱ ምን ያህል እንደ ተሠራ፣ እኛም ምን ያህል እንደ ሠለጠንን ሊያሳየው ፈለገ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ስድስታችን ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንድም ሰው ሳንጥል፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ደምበጫ ሰፈሩ ውስጥ እንድንገባ። እሱ በዋዜማው በመኪና ይቀድመናል።

እኔ ቱርጁማኑን ለምኜ የአባቴን ጉዳይ ለካፒቴኑ አስነገርኩ። ካፒቴኑ እስረኛ መፍታት የእሱ ሥልጣን አለመሆኑን፣ የዚያ የትልቁ ሹም መሆኑን አስረዳኝ። ቢሆንም ሰውየው ደስ ሲለው ጠብቆ ፊቱ ሊያቀርበኝ፣ ማመልከቻዬንም በገዛ እጄ እንድሰጠው ሊያደርግ ቃል ገባልኝ። እስረኞቹን በካሚዮን ጭነው ወደ ሩቅ አገር ሊወስዷቸው ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶት ስለ ነበር ሌላ ቀን አልነበረኝም። ማመልከቻውን ዲያቆኑ ባማረ ጽሕፈት ጻፈልኝ። አባቴ ሽማግሌ መሆኑን፣ ደጁ የመጣን ሰው አብልቶ ከመሸኘት በቀር ጥፋት እንደሌለበት ይላል። አጥፌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከሸሚዜ ሥር ደረቴ ላይ አሰርኩት።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። እስከ ጨሞጋ ድልድይ ቁልቁል ነውና እየተሳሳቅን ወረድን። ከድልድዩ ማዶ ነገር ተለወጠ። መንገዱ ጠጠሩ ገና በደንብ ያልተዳመጠ ነው፤ ብስክሌቶቹ ከባዶች ናቸው፣ ከኋላቸውም የደብዳቤ ሳጥን ታስሮባቸዋል። ዳገቱ ሲጠና ቆመን እንረግጣለን፤ ቆሞ መርገጡ ሲያቅተን ወርደን እንገፋለን። ዲያቆኑ ይህን ዕቃ የሠራው ሰው ጎጃምን አላያትም እያለ ያስቀናል። አንደኛውን ዳገት ጨርሰን አናቱ ላይ ስንደርስ፣ አሁን ልናርፍ፣ አሁን ሳንረግጥ ልንንሸራተት ስንል፣ ጋሼ ፍሬን ያዘና ወረደ።

ከዛፎቹ መሐል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። ጋሼ ብስክሌቱን በአንድ እጁ ይዞ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ተሳለመ፣ ከዚያም ቅጥሩ ከኋላችን እስኪቀር ድረስ እየሳበ በእግሩ ሄደ። በቅሎ ላይ ያለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ እንደሚወርድ የማያውቅ የለም። ብስክሌት ግን በቅሎ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ማንም ወስኖ አያውቅም ነበር። ዲያቆኑን ጠየቅነው፤ ኮርቻ ያለው ሁሉ በቅሎ ነው ብሎ ፈረደ። እኔም ያደግሁበት ነገር ነውና ሳላንገራግር ወረድኩ። ብቻችንን ደብዳቤ ስናደርስ ሁሉም እንደ ልቡ ያደርግ ነበር፤ አብረን ስንሄድ ግን አንዱ ወርዶ ሌላው እንዴት ያልፋል?

ችግሩ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለመሆኑ ነው። አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ ከፍ ያለውን ቦታ እየመረጡ ነው፤ ብስክሌት እንደሚመጣ ማን ነገራቸው? ዳገቱን በስንት መከራ ስንጨርስ ቤተ ክርስቲያኑ አናቱ ላይ ይጠብቀናል። ወርደን፣ ተሳልመን፣ እየሳብን ስናልፍ የቁልቁለቱ እኩሌታ ያልቃል፤ ለሚቀጥለው ዳገት የሚሆን ግስጋሴ አይተርፈንም። እንዲህ ሆኖ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በእግራችን ሆንን። እኔ ጥላዬ እያጠረ መሄዱን እያየሁ ብስክሌቴን አፍጥኜ እስብ ጀመር።

አማኑኤል ስንደርስ የገበያ ሰው ከበበን። ግማሹ ባንዳ ብሎ አጉረመረመ፣ ግማሹ ጎማውን በጣቱ እየተጫነ ሳቀ። አንዲት አሮጊት ይህ እንስሳ ምን ይበላል ብለው ጋሼን ጠየቁት። ጋሼም እሱ ምንም አይበላ እናቴ፣ የሚበላው ሰው ነው አላቸው። ሁሉም ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም፤ ጓደኞቼ ውኃ ጠጥተው እስኪጨርሱ እንኳ መቆም አቃተኝ። ያን ጊዜ አምስቱንም ጠላኋቸው። አባት የታሰረበት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለእነሱ ዕለቱ ትንሽ የከበደ የሥራ ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ረጅሙ ነው። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ማመልከቻው ረጥቦ ይሆን እያልኩ፣ ደረቴን በየጊዜው እዳስስ ነበር። አናቱ ላይ ወጣን፤ ከፊት ለፊታችን ወደ ደምበጫ የሚወስደው ሜዳና ቁልቁለት ተዘርግቶ ታየ። በስተቀኝ ግን እንደ ልማዱ ዛፎች፣ እንደ ልማዱ ጉልላት። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራትም። ጋሼ ፍሬን ሲይዝ ሳይ ትዕግሥቴ አለቀ።

"ጋሼ፣ ዛሬን እንኳ ብስክሌቱ ላይ እንዳለን እንሳለም። ሰውየው ይሄድብኛል" አልኩት።

ጋሼ አልተቆጣም። አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ትንሽ አየኝና፣ "አባትህን የሚያስፈታልህ ማን ይመስልሃል? እግዜር ነው ወይስ ጣሊያኑ?" አለኝ።

እኔ እስከዚያ ቀን ያየሁት ጣሊያን ሲያስር ነው፤ የሚፈታም ካለ እሱው ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። ዲያቆኑ አንዴ ነው፣ ቶሎ እንወጣለን፣ ጠብቀን አለኝ። አልጠበቅሁም። በአንድ እጄ አማትቤ፣ ፍሬኑን ለቅቄ ቁልቁል ተለቀቅሁ። ልደብቀው አልችልም፤ ደስ አለኝ። ከጨሞጋ ወዲህ አንድ ሙሉ ቁልቁለት የወረድኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ነፋሱ ሸሚዜን ሲነፋው፣ ገበሬዎች ከአውድማቸው ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ አባቴ ተፈትቶ ከኋላዬ እንደሚከተለኝ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ደምበጫ ሰፈሩ በር ላይ ስደርስ መኪናው ቆሟል። ሹሙም ጥላ ሥር ከመኮንኖች ጋር ተቀምጧል። ሳልዘገይ ደርሻለሁ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ። ካፒቴኑ ሰዓቱን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ ፈክቶ ነበር። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየ። ባዶ ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ ቆሜ አየሁት።

ቱርጁማኑ አምስቱ የት አሉ ሲል ጠየቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ጋ ወርደዋል አልኩት። ምን ሊያደርጉ አለኝ። ሊሳለሙ አልኩ። ሰው ቸኩሎ ሳለ፣ ሹም እየጠበቀ ሳለ፣ ለመሳለም ይወርዳል የሚለው ነገር ከቱርጁማኑ ጆሮ አልገባም። ለካፒቴኑ ምን ብሎ እንደ ነገረው አላውቅም። በዚያ ወራት ግን አምስት የጣሊያን ብስክሌት የያዙ አምስት ሰዎች መንገድ ዳር ወርደው ቀሩ ማለት ለእነሱ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ወደ ጫካ ገብተዋል፣ እኔም አስገብቻቸው መጥቻለሁ። ብስክሌቴን ተቀበሉኝ። ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው የሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝና በሩን ዘጉት። ማመልከቻዬን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው፤ ማንም አልተቀበለኝም።

የመጋዘኑ ግድግዳ ጣውላ ነው፤ በስንጥቁ ግቢው ይታያል። ብዙም ሳልቆይ ጭብጨባ ሰማሁ። አምስቱ ገቡ፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ጋሼ ከኋላ ብቻውን፣ ባርኔጣው ቀጥ ብሎ። ሹሙ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ እነሱ ሄደ። የጋሼን ትከሻ መታ መታ አደረገ፤ ብስክሌቱንም ጎንበስ ብሎ አየ። ስድስት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። ይህን እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል፤ ተሳልመውም ደርሰዋል።

ዲያቆኑ ዓይኑን እያንከራተተ ሲፈልገኝ አየሁት። አፉን ሊከፍት ሲል ቱርጁማኑ በእጁ ዝም በል የሚል ምልክት ሰጠው። ያ አፉ የማያርፍ ሰው ዝም አለ። ካፒቴኑ ወደ መጋዘኑ አልዞረም። ረስቶኝ ይሁን፣ ስድስተኛውን ራሴ ቆልፌበታለሁ ማለት አፍሮ ይሁን፣ እሱ ያውቃል። በሩን ደበደብኩ። ከውጪ ያለው አስካሪ በሰደፍ መልሶ ደበደበው። አባቴን፣ አባቴን እያልኩ ጮህኩ፤ ያን ጊዜ የመኪናው ሞተር ተነሣ። በስንጥቁ የገባው አቧራ አሳለኝ። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት ከንዴት ነው፤ በማን እንደ ተናደድኩ ግን አላውቅም።

ጋሼ ሄዶ ለምኖ አስፈታኝ። ካፒቴኑ ቀኑ ስለ ተሳካለት ነገሩን በሳቅ አለፈው። ማመልከቻዬን ባሳየው፣ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ እያለ ጀርባዬን መታ መታ አደረገና ምሳውን ሊበላ ገባ። ስንመለስ ከጎረምሶቹ አንዱ ታቦቱ ያዘህ አለኝ። ልመታው ተነሣሁ። ታቦት ከእኔ ጋር ምን ጠብ አለው? የያዘኝ አስካሪ ነው። ጋሼ ብቻ ሳይወቅሰኝ ከጎኔ ሆኖ ነዳ፤ ያ ከስድብ በለጠብኝ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን በኩል ስናልፍ ወረድኩ፤ ምን ብዬ እንደምሳለም ግን ጠፋኝ።

በማግሥቱ ስንቅ ይዤ እስር ቤት ሄድኩ። አባቴ ከሽቦው ማዶ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ለሹም አመለክትልዎታለሁ ብዬ ነግሬው ስለ ነበር ገና ከሩቅ ፊቴን ያነብ ጀመር። እውነቱን ልነግረው ነበር የሄድኩት። አጠገቡ ስደርስ፣ ከስቶ፣ ጋቢው ትከሻው ላይ ሰፍቶበት ሳየው፣ ቸኩዬ ጓደኞቼን ጥዬ ሄጄ ነው የተበላሸው ማለት አቃተኝ።

"አባየ፣ መንገድ ላይ ወደቅሁ። ስደርስ ሰውየው ሄዷል" አልኩት።

ስለ ማመልከቻው አልጠየቀም። ስለ ሹሙም አልጠየቀም። ወደ ሽቦው ተጠጋና፣ "የቱ ጋ ነው የተጎዳኸው?" አለኝ።

የተጎዳ ቦታ አልነበረኝም። ዝም ማለትም አልቻልኩም፤ ቀኝ ጉልበቴን አሳየሁት። አባቴ እጁን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ፣ በአውራ ጣቱ ጉልበቴን ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች ያሸኝ ጀመር። ቅቤ ቀባበት፣ አትርገጥበት እያለ። ዘበኛው በቃ እስኪለን ድረስ አሸኝ፤ እኔም ያልታመመውን ጉልበቴን ሽቦው ላይ አስጠግቼ ቆምኩ። በሳምንቱ እስረኞቹን በካሚዮን ወሰዷቸው፤ አባቴም ከሄደበት አልተመለሰም።