አርብ ገበያን ከላይ

እኔና ሙሉቀን አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ኩሽኔታ ግራሶ መቀባት ነበር። እሑድ ነው። ከቅዳሴ ተመልሰን ቁርስ በልተን፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ማዳበሪያ አንጥፈን ተቀመጥን። እሱ ከተጣለ ባጃጅ የወጣውን ኩሽኔታ በአውራ ጣቱ ያሾራል፤ እኔ ከጣሳው ግራሶ በስንጥር እየጫርኩ አቀብለዋለሁ። ትንሽ ይቀባና ያሾረዋል፣ ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል፣ ራሱን ነቅንቆ እንደገና ይቀባል። በመጨረሻ ወደ እኔ ጆሮ አስጠጋው።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«በቃ! ዝም ካለማ ለአርብ ደርሷል።»

እጃችንን በአመድ አሽተን ታጥበን ምሳ በላን። ረቡዕ ዕለት ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ ልቡ ቆመና አረፈ።

ባለፈው ሰሞን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ የሾፌሩ መጥረጊያ ጨርቅ ሸተተኝ። ያው ግራሶ ነው። ሽታው ግን ወደዚያ እሑድ አልመለሰኝም፤ እሑዱን አልፎ አርብ ገበያ ከተማ ወደሚገኘው የልጅነት ግቢያችን ወሰደኝ። ሙሉቀንን መጀመሪያ ያወቅሁት እዚያ፣ የጎረቤት ልጅ ሆኖ ነው።

የእነሱንና የእኛን ግቢ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ነበር። እኔ ገና ፊደል ስቆጥር እሱ አራተኛ ክፍል ደርሷል። ሲኒማ ነበረው። የሳሙና ካርቶን አንድ ጎኑን እንደ መስኮት ይቀድና፣ ከደብተር የተገነጠሉ ወረቀቶችን በሊጥ አጣብቆ በሁለት ሸምበቆዎች ላይ ይጠቀልላል። ወረቀቱ ላይ በከሰል የሣላቸው ሰዎች አሉ፤ ጢማም ሽፍታ፣ በቅሎ፣ ሙሽራ። ከኋላ ጧፍ ይለኩሳል። የሰፈር ልጆች ከአጥሩ ሥር ተደርድረን እናያለን። ሸምበቆውን የማዞር ሥራ የእኔ ነበር፤ ሁልጊዜም እፈጥናለሁ።

«ቀስ በይ እንጂ ብርቄ! ሽፍታው እየሮጠ አይደለም፣ እያሰበ ነው!»

አንድ ቀን ጧፉ ወረቀቱን ያዘውና ሙሽራዋ ነደደች። እኛ ልጆቹ አለቀስን። እሱ ግን ዓይኑ በርቶ፣ ጣቱን እሳት እየለበለበው፣ «አያችሁ? ይህንንማ ደግመን ማሳየት አለብን!» ይላል።

በዚያው ዓመት ነው ገበያ ላይ የጠፋሁት። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ልትሸጥ ይዛኝ ወጥታለች። የነጠላዋን ጫፍ ይዤ እሄድ ነበር፤ አንድ ሱቅ በደረቴ ያንጠለጠለው መስታወት ፀሐይ ሲረጭ አየሁና ጫፉን ለቀቅሁ። ቀና ስል ዙሪያዬ ሁሉ እግር ብቻ ነው። የአህያ እግር፣ የበርባሶ ጫማ፣ ጭቃ የደረቀባቸው ተረከዞች። የቆዳና የቅቤ ሽታ፣ የበግ ጩኸት። የሰው ጉልበት እየገፋሁ አለቀስኩ፤ የሰማኝ የለም።

ከዚያ ከላይ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማሁ። ሙሉቀን የእህል መጋዘኑ ጣራ ላይ ወጥቶ እየሮጠ ነው። የመጋዘኑ ጠባቂ ከታች በዱላ እያስፈራራ ይሰድበዋል። እሱ እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘና አየኝ።

«ብርቄ! አትንቀሳቀሺ! አሁን ወደ ቀኝ!»

ቀኝ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።

«ቀኝ የምትጎርሽበት ነው!»

በምጎርስበት እጅ በኩል ሄድኩ። እሱ ከላይ እየጮኸ፣ ጨው ነጋዴዎቹን አሳልፎ፣ በፍየሎቹ መሐል አሹልኮ፣ ከእናቴ ጉያ ከተተኝ። ሲወርድ ጠባቂው ጆሮውን ይዞ ገረፈው። ማታ በአጥሩ ቀዳዳ፣ «በጣም አመመህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከላይ ስትታዪ እኮ ጭንቅላትሽ ባቄላ ነው የሚያክለው!» አለኝ፤ ይህንን ሲለኝ በደስታ ይንተባተብ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አገባኝ። እሱ የግብርና ባለሙያ ሆነ፤ ስማዳንና እስቴን በእግሩ ያውቃቸዋል። እኔ ንፋስ መውጫ ሂሳብ አስተማሪ ሆንኩ። ደህና ካሜራ ያለው ስልክ የገዛ ዕለት ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ «ፊልም እንሠራለን» አለ። ታሪኩን ለመስማት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጅ ገበያ ላይ ትጠፋለች፣ እናት ትፈልጋታለች። «ግን አንድ ነገር ካልተገኘ ፊልሙ የለም፤» አለ። «ልጅቷ ብቻዋን፣ ገበያው ሙሉ በሙሉ፣ ከላይ።»

«ታዲያ ጣራው ላይ ውጣ።»

«ጣራ አይንቀሳቀስም። እኔ የምፈልገው ከላይ ተነስቶ የሚወርድ ዓይን ነው። ክሬን እንሠራለን።»

ክሬን የሚባለውን ነገር ሁለታችንም በስልክ ብቻ ነው ያየነው። የሚሸጠውማ የማይታሰብ ነው። እኛ ደግሞ ባህር ዛፍ አለን። ረጅምና ቀጥ ያለ አጣና ከጓሮ ቆረጥን፤ በችኮላ እርጥቡን ተጠቀምንበትና ስልኩን ጫፉ ላይ ስናስረው እንደ ዓሣ ማጥመጃ ጎበጠ። የመጀመሪያው ቀረጻችን የጎረቤት ላም አፍንጫ ነው፤ እየተወዛወዘ ይመጣል፣ እየተወዛወዘ ይሄዳል። እስክንታመም ሳቅን። ሁለተኛውን አጣና ጥላ ውስጥ አድርቀን ጠበቅነው። ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ ሠራን፤ የሰፈሩ በያጅ ክንዱ የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎች በላሜራ ላይ በየደልን፤ ስልኩን በተቆራረጠ የጎማ ካላማዳሪያ ጠፈርነው። ክንዱ ሽቅብ ቁልቁል፣ ግራና ቀኝ ይዞር ጀመር። ጎረቤቶች አጥሩ ላይ ተደግፈው ያያሉ።

«ሙሌ፣ ሞፈሩ አልረዘመም? ምን ልታርስበት ነው?»

«ሰማይ!»

ግን አልሆነም። ክንዱ ከፍ ሲል ስልኩም አብሮ ያንጋጥጣል፤ ዝቅ ሲል መሬት ያያል። ሙሉቀን ለቀናት አኮረፈ። እኔ ክፍል ውስጥ ትይዩ መስመሮችን እያስተማርኩ ሳለሁ፣ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ ቆምኩ። ሰሌዳው ላይ ያለው አራት ጎን ቢያዘነብልም ዳርና ዳሩ ያሉት ሁለት አጫጭር ጎኖች ቀጥ ብለው እንደቆሙ ናቸው። ደወል እስኪደወል መታገስ አቃተኝ። ቤት ስደርስ ከክንዱ ሥር ሌላ ቀጭን እንጨት ትይዩ አድርገን በሁለቱም ጫፍ በብሎን አሰርነው። ሽቅብ ገፋነው። ስልኩ አላንጋጠጠም። ቁልቁል ሳብነው፤ አላጎነበሰም። ሙሉቀን ብድግ አድርጎኝ ግቢውን ዞረ። «ተማሪዎችሽ ይህንን ያውቃሉ? ለልጆች እንዲህ ያለ ምሥጢር ትናገሪያለሽ?» ይላል።

የቀረው ሚዛን ነበር። ከክንዱ ጭራ ላይ ከስልኩ ጋር የሚመጣጠን ክብደት መንጠልጠል አለበት። ድንጋይ ሞከርን፤ አንዱ ይበዛል፣ አንዱ ያንሳል። ሙሉቀን ከእስቴ ያመጣውን ገብስ በጆንያ ሞላው። በጣሳ እየጨመርን፣ በጣሳ እየቀነስን፣ ክንዱ በአንድ ጣት ሲነኩት የሚታዘዝ ሆነ። ገብስ ከድንጋይ በምን እንደሚያንስ ያን ጊዜ አላሰብንም።

አርብ ጠዋት አርብ ገበያ ላይ ተከልነው። የጠፋችዋን ልጅ የምትጫወተው ተማሪዬ ቃልኪዳን ናት። ሙሉቀን ከፊት ሆኖ በሌላ ስልክ ምስሉን ይከታተላል፤ እኔ ከኋላ ጭራውን ይዣለሁ። ጭራውን ቁልቁል ሳብኩት፤ ጆንያው መሬት ሊነካ ደረሰ፣ ካሜራው ከሰው ሁሉ በላይ ወጣ። «ወይ ጉድ፣» ሲል ሰማሁት፣ «ወይ ጉድ፣ ብርቄ፣ ሁሉም አለ!» ቃልኪዳን መሐል ገበያ ላይ ቆማ እናቷን መፈለግ ጀመረች።

ያኔ ክንዱ ከእጄ ውስጥ ሽቅብ ጎተተኝ። ዞር ብዬ ሳይ አንዲት አህያ ጆንያውን ቀድዳዋለች። ገብሱ እየተንዠቀዠቀ ነው፤ እሷ ተረጋግታ ትበላለች። ባለቤቷ አያ አበጀ የሚባሉ ገበሬ ናቸው፤ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሙሉቀንን በመደነቅ ያያሉ።

«አያ! አህያዎትን!» ጮህኩ።

«ኧረ ተይ አንቺ ክፉ! ሰው በተሰበሰበበት!» አሉ አህያዋን።

ጭራው ተነሳ። ካሜራው ሊከሰከስ ነው፤ ደህና ካሜራ ያለው ስልካችን እሱ ብቻ ነው። ያለኝን ክብደት ይዤ አጣናው ላይ ተንጠለጠልኩ። እግሬ ከመሬት ለቀቀ። ቀሚሴን ልያዝ ወይስ ክንዱን? ገበያው በሳቅ ፈነዳ። «መምህርቷ ልትበር ነው!» አለ አንዱ። «ቅቤ ብትበላ ኖሮ አትነሳም ነበር!» አለች ሌላዋ።

«እንዳትለቂው!» ይላል ሙሉቀን። ወዲያው ድምፁ ተለወጠ። «ብርቄ፣ ልቀቂው! ቀስ ብለሽ! ቀስ፣ ቀስ፣ እያሰበች ነው!»

በእግሬ ጣቶች መሬቱን እየነካሁ፣ እየለቀቅሁ፣ ትንሽ በትንሽ ሰጠሁት። ካሜራው ከገበያው ሁሉ በላይ ተነስቶ፣ በጃንጥላዎቹና በራሶች ላይ እየተንሳፈፈ፣ ወርዶ ወርዶ የቃልኪዳን ፊት ላይ ቆመ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሙሉቀን መሬት ላይ ተቀምጦ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅስ ነበር። ከዚያ ብድግ ብሎ የአህያዋን ግንባር ሳመ። የተረፈውን ገብስ አያ አበጀ በነጠላቸው ሰብስበው አህያዋን ይዘው ሄዱ፤ ማንም አልከለከላቸውም።

አንድ ቀረጻ ብቻ ቀረን። እናትና ልጅ ይገናኛሉ፤ ካሜራው ከፊታቸው ተነስቶ ሰው መሐል እስኪጠፉ ድረስ ሽቅብ ይሄዳል። እናት ሆና የምትጫወተው እናቴ ናት። ያን እሑድ ኩሽኔታውን የቀባነው ለዚህ ነበር።

አርብ ሲደርስ እኔ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። የእድሩ ድንኳን ምሰሶ ጎድሎ ኖሮ፣ ጎረቤቶች ግቢ ውስጥ ያገኙትን ደረቅ አጣና አቁመዋል። ቀና ስል አወቅሁት። ኩሽኔታው የነበረበት ቀዳዳ ይታያል። ለድንኳኑ ስለረዘመ አንድ ክንድ ያህል ቆርጠውለታል። ሦስቱንም ቀን እሱን እያየሁ ለቅሶ ተቀመጥኩ።

አርባው ካለፈ በኋላ እናቴን፣ «ገበያ ላይ ልቀርጽሽ ነው፤» አልኳት።

«በጥቁር ልብስሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል። ይህ ካልተቀረጸ ፊልሙ የለም።»

የእድሩ ሰዎች መልሰው ያመጡትን አጣና እንደገና በሳሁት። ትይዩ እንዲሆን ቀጭኑንም እንጨት ያንኑ ያህል ቆረጥኩት። አርብ ገበያ ስደርስ ግን ክንዱ አጥሯል፤ ገበያውን ሊያሳይ አልቻለም። ሦስት እግሩን ከመጋዘኑ ፊት ካለው የድንጋይ ካብ ላይ አወጣነው። ጭራው ላይ ድንጋይ አሰርን፤ አልበቃም። የሚያይ ሰው ከቦናል፤ ማንም አልሳቀም። ያኔ አያ አበጀ ከሰው መሐል ወጡ። ዱላቸውን ለሰው ሰጡ፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«የአህያዬን ጥፋት ዛሬ እኔው ልካስ። በይ የኔ ልጅ፣ መቼ ልሳብ?»

እኔ ከፊት ቆምኩ። ክንዱን ግራና ቀኝ እንድመራበት ያሰርኩትን ገመድ ያዝኩ። ቃልኪዳን ከፍየሎቹ መሐል ብቅ አለች። እናቴ በፊልሙ ውስጥ የልጅቷን ስም መጥራት ነበረባት፤ ደጋግመን አስጠንተናታል። ልጅቷን ስታይ ግን እጇን ዘረጋችና፣ «ብርቄ!» አለች። «ብርቄ! የት ጠፋሽብኝ?»

ላስቆም አፌን ከፈትኩ። ቃልኪዳን ሮጣ እቅፏ ውስጥ ገባች።

«ይሳቡ አያ!» አልኩ። «ቀስ ብለው!»

ሳቡት። ካሜራው ከሁለቱ ፊት ተነሳ፤ ነጠላውን፣ ፍየሎቹን፣ ጨው ነጋዴዎቹን አለፈ፣ ከፍ አለ። እኔ የማየው አጣናውን ብቻ ነው፤ ሰማዩ ላይ አለምንም ድምፅ እየወጣ ነበር። ደስታ እንዲህ ሆኖ ይመጣል ብዬ አላስብም ነበር፤ በጥቁር ልብሴ እየጮህኩ አጨበጨብኩ።

ፊልሙን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንሶላ ዘርግተን አሳየነው። የእናቴን ጥሪ አልቆረጥኩትም። እሷ ግን ራሷን ከላይ ስታይ፣ «እኔ እንዲህ አጭር ነኝ?» ብላ ተቆጣች።

አሁን በስማዳዋ ወገዳ ከተማ ለምቀርጸው ሁለተኛ ፊልም ረዘም ያለ ክንድ እየሠራሁ ነው።