አዋሳኞቹ ይጠሩ

የወርቅውሃ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ሥራዋ ስትሄድ በየቀኑ የምታልፈው አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ቤቱ ተቃጥሎ ፈርሷል፤ የቀረው ሦስት የሲሚንቶ ደረጃና ወገብ የሚደርስ አረም ብቻ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተተከለበት፤ ባለቤቱ በየወሩ እየተከፈለው እንደሚሸጥ ይናገራል። ባንክ ለባዶ መሬት እንደማያበድራት ቀደም ብሎ ነግሯት ስለነበር፣ ማስታወቂያው ለእሷ የተጻፈ መሰላት።

ባለቤቱ ሚስተር ኮልማን ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ እሷ ያላት ገንዘብ እጥፍ ሆነ። ምክንያት ነበረው። ከዚያ በፊት በትንሽ ቅድሚያ የገዛው ሰው ቦታውን የአሮጌ መኪና መጣያ አድርጎት፣ ክፍያውንም አቋርጦ ጠፍቷል።

«ሰኞ ሌላ ገዢ ይመጣል፤ እሱ ገንዘቡ ሞልቶለታል» አላት። ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

ሳን ሆዜ የምትማረው ልጇ ኢየሩስ ለማስተርጎም አብራት መጥታለች። የወርቅውሃ ስለ ገንዘቡ አልተከራከረችም።

«አዋሳኞቹ የታሉ?» አለች።

«ምን?» አለች ኢየሩስ።

«ጎረቤቶቹ ናቸዋ! መሬት ሲገዛ አዋሳኞቹ ቆመው ወሰኑን ማሳየት የለባቸውም?»

«ማሚ፣ ፕሊስ! ካርታ አለ፤ ካውንቲው መንግሥት መዝገብ ላይ ሪከርድ ያደርገዋል።»

«ካርታው አብሮኝ ይኖራል? ንገሪው።»

ኢየሩስ ፊቷን በእጇ ሸፍና ተረጎመች። ኮልማን ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና የጎረቤቶቹን በር ሊያንኳኳ ሄደ።

ከቀኝ ቤት አንድ ሜክሲኳዊ አናጢ ሜትሩን ይዞ ወጣ። ከግራ ሚስ ሎሬታ በነጠላ ጫማ መጣች። አናጢው ካርታውን እያየ ለካ። የሎሬታ አጥር አንድ ክንድ ያህል ወደ ባዶው ቦታ ገብቷል፤ እዚያው ላይ የሎሚ ዛፍ ቆሟል።

ሎሬታ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች። «ገና ሳትገዢ ሎሚዬን ልትወስጂ መጣሽ? ኮልማን፣ ይሄን ለባሌ ፈቅደህለት አልነበር?»

«ፈቅጄለት ነበር» አለ ኮልማን። «ለገዢዋም መናገር ነበረብኝ።»

ኢየሩስ ይህን ተርጉማ ከራሷ ጨመረችበት። «አሁን ነው ጊዜው፤ ቅድሚያውን ቀንስ በይው!»

የወርቅውሃ ዛፉን ትንሽ አየችው። «ለሴትየዋ ንገሪያት። በሕይወት እስካለች ሎሚው አይነካባትም፤ አጥሩም ባለበት ይቆያል። ግን መሬቱ የእኔ መሆኑን ሁላችሁም እዚህ ቆማችሁ እወቁልኝ።»

«ማሚ፣ ገና አልገዛሽውም እኮ!»

«ንገሪያት አልኩሽ።»

ሲተረጎም መጀመሪያ የሳቀው አናጢው ነው። የሎሬታ እጆች ከወገቧ ወረዱ።

«ኮልማን፣ ያ መኪና ሲያራግፍብን የኖረ ሰውዬ ስሜን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ይቺን ሴት ከመለስካት ደጄን እንዳትረግጥ!»

ኮልማን አረሙን፣ ከዚያም የወርቅውሃን አየ። «ባለሽ ይሁን» አላት።

ውሉን በሳምንቱ ተፈራረሙ። አረሙን ራሷ አጨደችው፤ በየወሩም ክፍያውን ለኮልማን በእጁ ታደርስ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ «ሜዳ ገዝተሽ ምን ልታደርጊበት ነው?» ሲሏት፣ «ልቆምበት» ትላቸዋለች።

በ1999 የመጨረሻውን ክፍያ ጨረሰች። ኮልማን ዕዳው ማለቁን የሚገልጸውን ሰነድ ይዞ ቦታው ላይ መጣ፤ እሷ ግን እጇን አልዘረጋችም። ምንም ከማለቷ በፊት ኢየሩስ የጎረቤቶቹን በር ልታንኳኳ ሄዳ ነበር።

አናጢው ከነሚስቱ መጣ። ሎሬታ በዚህኛው ቀን የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አድርጋለች። ሁሉም እያዩ ኮልማን ሰነዱን ሰጣት። እሷም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ ሦስቱ የሲሚንቶ ደረጃዎች እያመለከተች በራሷ እንግሊዝኛ ተናገረች።

«ግቡ እንጂ፤ ቤቴ መጥታችሁማ ቆማችሁ አትሄዱም። ተቀመጡ!»

ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሎሬታ ሲሚንቶው እንደሚቀዘቅዝ አጉረመረመች። የወርቅውሃ እንግዶቿ ሁሉ ቦታ እስኪይዙ ጠብቃ በመጨረሻ ተቀመጠች።