ወንድሙ የታሰረለት ሰው

ይሻው ጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያርስ፣ በሰው የማይደርስ ገበሬ ነው። አንድ የክረምት ምሽት ግን ታላቅ ወንድሙ ይርጋ አብሮት ሳለ በግጦሽ ድንበር ከጎረቤቱ ከሞላ ጋር ተጣላና በዱላ መታው፤ የሞላ ቀኝ ዓይን ፈሰሰ። ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ ሞላ ከሁለቱ ወንድማማቾች የመታው የትኛው እንደሆነ አልለየም። ፖሊስ ሲመጣ ታላቅየው ይርጋ ቀድሞ ወጣና «እኔ ነኝ» አለ። የይሻው ሚስት ስርጉት ገና አራስ ነበረች፤ ይርጋ ሚስትም ልጅም የለው። ይሻው ሊናገር ሲል ወንድሙ በዓይኑ ገሠጸው። ዝም አለ።

ይርጋ ደብረ ታቦር አራት ዓመት ታስሮ ወጣ። ጉልበቱን ብርድ ስለበላው ጥማድ ተከትሎ ማረስ አቃተው። ቢሆንም አንድ ቀን ወንድሙን አልወቀሰም። ይሻውን ያንገበገበው ይኸው ነው፤ ቢሰድበው በወደደ። ሲያርስ ትልም ይስታል፤ ገበያ ወርዶ የሚገዛውን ረስቶ ይመለሳል፤ ሞላን ካየ መንገድ ለቆ በገደል ይዞራል።

በስቅለት ዕለት የነፍስ አባቱ መምሬ በላይነህ፣ በደል የሌለበት ስለ በደለኞች እንደተቀጣና ቤዛ እንደሆነን ሲያስተምሩ ይሻው መቆም አልቻለም። ሕዝቡ ሲበተን ተከተላቸውና የደበቀውን ሁሉ ዘረገፈላቸው። መምሬ ደነገጡ። በኋላ፣ በዓለ ሃምሳ ሲወጣ አርባ ቀን እንዲጾምና እንዲሰግድ፣ ከዚያ እንደሚፈቱት ነገሩት።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ ይሻው። «ይርጋ ታሰረልኝ። እኔ ግን አልነጻሁም፣ ይልቅ ባሰብኝ። ታዲያ የጌታ ሞት እንዴት ያነጻኛል? ንጹሑን ቀጥቶ በደለኛውን የሚለቅ ዳኛ፣ ፈረደ ይባላል?»

ጌታ ወዶ ነው የሞተው አሉ መምሬ። ይርጋም ወዶ ነው የታሰረው አላቸው። ሰውን ከአምላክ አታስተካክል ብለው ተቆጡ፤ ወዲያው ግን ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ልጄ፣ እኔም የተማርሁትን ነው የምነግርህ።»

አርባውን ቀን ጾመ፣ ሰገደ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተባለ። ልቡ ግን አላረፈም። በማግስቱ ድንች ሲኮተኩት ወደነበረው ወደ ሞላ ሄዶ፣ ከማሳው ዳር ተንበርክኮ እውነቱን ነገረው።

ሞላ መኮትኮቻውን ጣለ። «ይርጋን ስንት ዓመት ስረግመው ኖርሁ» አለ። «የአንተን ነገር አሁን አትጠይቀኝ።» ከዚያ እግሩን ሳይታጠብ ወደ ይርጋ ቤት ወጣ።

ይሻው ሲደርስ ሞላ የይርጋን ጉልበት ይዞ ይቅርታ ይለምናል፤ ይርጋም ያነሣዋል። ይሻውን ግን ቀና ብሎ አላየውም። «እስራቴን ከንቱ አደረግኸው» አለው።

ሞላንና ይሻውን ሊያስታርቅ ሽማግሌ ከገባ ሁለት ወር ሆነ። ሞላ ለዕርቅ በተጠራ ቁጥር «ገና ነኝ» ይላል። ይሻው የይርጋን ማሳ ያርሳል፤ ይርጋ ምሳ ያቀብለዋል፣ አያነጋግረውም። መምሬ ቆርቦ ልቡ እንዲረጋ ቢመክሩትም፣ ሞላ ገና ሳይታረቀው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሞ እያለ ይሻው ወደ ውስጥ መግባት አልሆነለትም።