ከአልጋዬ ሥር የተኛው ነሐስ

እፍ! ያ ሽታ ባለፈው ሰሞን አምቦ መናኸሪያ ውስጥ አገኘኝ። የጌዶን ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ ሰውዬ እርጥብ ጆንያ እግሬ ሥር ዘጭ አድርጎ ሊቀመጥ ሲል፣ የሰነበተ ሞራ፣ የበሰበሰ ሣርና ናፍጣ አንድ ላይ ሆነው አፍንጫዬ ውስጥ ገቡና ምሳዬን እስከ ጉሮሮዬ ድረስ አመጡት። ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ አላየሁም፣ ማየትም አልፈለግሁም፤ አፍንጫዬን በሻርፔ ይዤ ወደ ሌላው ጥግ ስሸሽ «ምን ሆነች ደግሞ ይቺ?» ሲል ሰማሁት። ምን ልበለው? ልጅነቴ ሸተተኝ ልበለው?

አባቴ ደበላ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ተወልዶ ያደገው ዝዋይ ዳር ስለሆነ፣ እናቴን አግብቶ ጌዶ ከገባም በኋላ ውኃ አልተወውም፤ ከጌዶ ወደ ሰሜን በሚገነጠለው መንገድ ጮመን ሐይቅ ድረስ ሄዶ፣ ሳምንቱን እዚያው አጥምዶ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመለስ ነበር። ጀልባው ትንሽ ናት፤ ሞተሯም እንደ ሌሎቹ ከኋላዋ የተንጠለጠለ ሳይሆን ሆዷ ውስጥ የተቀመጠ፣ ድሮ ለመስኖ ውኃ ይስብ የነበረ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነበር። ከሞተሩ የሚወጣው የብረት ዘንግ የጀልባዋን ጀርባ በስቶ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ ላይ የሚሽከረከረውንና ጀልባዋን የሚገፋትን ባለ ክንፍ ነገር አባቴ ፕሮፔለር ይለው ነበር። ጎረቤቶቻችን «የኦቦ ደበላ ቬንትሌተር» ይሉታል፣ እናቴ ደግሞ «ያ ግም» ብቻ ነበር የምትለው።

የመጀመሪያው ፕሮፔለር ሐይቁ ዳር ጀልባዋ ላይ እንዳለ ተፈትቶ ተሰረቀ። ነሐስ ነዋ፤ ቁራሌው ዘንድ ከደረሰ ማን ይጠይቃል! ያን በጋ ጀልባዋ ሣር ላይ ተጋድማ፣ አባቴ ቤት ውስጥ ጣሪያ ጣሪያ እያየ፣ እኛም ከጎረቤት ዱቄት እየተበደርን ባጀን፤ እናቴ ያኔ ይዛው የነበረው ፅንስም በዚያው ወረደባት። እንዲህ ያለው ነገር አይወራም፣ እኔም ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ አባቴ ከዚያ ወዲህ ፕሮፔለርን ነገር ከዓይኑ አላርቀውም አለ።

ሁለተኛውን ለመምረጥ መርካቶ ሲወርድ የእናቴን ትልቁን የድስት ክዳን ለመለኪያ ይዞ ሄደ። «ከዚህ ከበለጠ ሞተሩ ያቃስታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ከዚህ ካነሰ ደግሞ ውኃ ሲያማታ ይውላል እንጂ አይገፋም» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ያስረዳ ነበር። ብየዳ ቤቶች ከብረት የሚሠሩት ባለ ሁለት ክንፍ ቢኖርም፣ ሣር ሲጠመጠምበትም ቶሎ ቢላቀቅም፣ አባቴ በጄ አላለም፤ ነሐስ አይዝግም፣ ጉቶ ቢመታውም በመዶሻ ይቃናል ብሎ የሚያብለጨልጭ ባለ ሦስት ክንፍ ነሐስ ተሸክሞ መጣ። ክዳኑ ግን ግሪስ ተለቅልቆ፣ ጠርዙ ተጣሞ ተመለሰ። እናቴ በሁለት ጣቷ አንስታ አየችውና «ለወጥ ያልሆነ ክዳን ለምን ይሆናል?» ብላ ለዶሮዎቹ ውኃ ማጠጫ አደረገችው።

የሚቀጥለውን በጋ ሙሉ ቅዳሜን እጠላት ነበር። አባቴ ጀልባዋን ዳር ጎትቶ፣ ፕሮፔለሩን ፈትቶ በጆንያ ጠቅልሎ ቤት ይዞ ይመጣና፣ መሬት ላይ አስቀምጦ የተጠመጠመበትን የሐይቅ ሣርና የተበጣጠሰ መረብ በምላጭ እየቆረጠ ያወጣዋል። ኤጭ! ከሣሩ ውስጥ ምን የማይወጣ ነገር ነበር? ብስብስ ያለች ትንሽ ዓሣ፣ ዓይኗ የፈሰሰ እንቁራሪት፣ ገና የሚላወስ አልቅት። ከዚያ ክንፎቹን እንደ አራስ ልጅ በሞራ ያሻቸዋል፣ ጠርዛቸው እንዳይነካ ከባይስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ያለብሳቸዋል፣ በመጨረሻም የእኔ አልጋ ሥር ይገፋዋል። ቤታችን አንድ ክፍል ስለነበር የእሱና የእናቴ አልጋ ሥር እህል ነበረበት፤ የእኔ ሥር ብቻ ባዶ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ጠብቂው» ይለኝና ጭንቅላቴን በዚያው እጁ ይዳብሰኝ ነበር። ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ ከጎኔ የሚቀመጥ አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ሐይቁ ስለሚያስቸግር ጀልባዋ ትቆማለች፣ ፕሮፔለሩም ሳይወጣ ይከርማል። በዚያ ዓመት ክረምት እናቴ እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች። ዝናቡ በር አያስከፍት፣ ሞራው በተዘጋው ቤት ሙቀት ይሟሟ፣ እሷ ገና ጉርሻ ወደ አፏ ሳታደርስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለማስመለሻ ወዳኖርንላት ሣህን ትሮጣለች። ሣህኑን የምደፋው እኔ ነበርኩ፤ የቱ ሽታ የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቶኝ እኔም አብሬያት የማስመልስበት ቀን ነበር። ከስታ ቀለበቷ ከጣቷ ይወልቅ ጀመር። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ በግልጽ ነገረቻት፤ «እትዬ ጥሩነሽ፣ ምግብ ካልረጋልሽ ይኼኛውም አይቆይልሽም።»

እናቴ ይኼንን ለአባቴ ስትነግረው ደነገጠ። ፕሮፔለሩን በኦሞ አጠበው፣ በአመድ ፈተገው፣ በሎሚ አሸው፣ በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርቦ አሰረው፤ ማድ ቤት ወስዶ እንጨት ከመረበትና ሌባ ይገባል ብሎ ተመልሶ አመጣው። ጎረቤት አስቀምጥ ሲሉት ጎረቤት አያምንም። «ጥሩነሽ፣ ማል ጎና? ምን እናድርግ? ይኼ ከሄደ ምን እንበላለን?» ይላታል። እሷም «እኔ አሁንስ ምን እየበላሁ ነው?» አለችው። እሱ ጃንጥላውን አንስቶ ሲወጣ ወደ እኔ ዞራ «ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ» አለችና ጋደም አለች።

አንድ የገበያ ቀን ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ እናቴ ብድግ ብላ፣ አባቴ ለሠርግና ለክብረ በዓል ብቻ የሚለብሰውን የክት ጋቢ ከሣጥን አወጣች። ፕሮፔለሩን ከአልጋዬ ሥር ጎትታ፣ ጋቢው ላይ አስቀምጣ፣ «ሌሊሴ፣ ደግፊልኝ» አለችኝና ልክ እንደ ሕፃን አዘለችው። ሆዷ ከፊት፣ ነሐሱ ከኋላ፣ በጭቃው መሐል በገበያው ውስጥ ስንሄድ ሰው መንገድ እየለቀቀ ያየን ነበር፤ አንዳንዱ ሕፃን ያዘለች መስሎት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ይቀርብና ሽታው ሲመታው ያፈገፍጋል። እኔ በሐፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ቀጥ ብላ አባቴና ጓደኞቹ የተቀመጡበት ጠጅ ቤት ገባችና ሸክሙን ፈትታ ከብርሌዎቹ መሐል አኖረችው። «ደበላ፣ አንደኛውን ልጅህን እኔ ተሸክሜያለሁ። ይኼኛውን ግን አንተው ተሸከም።»

ከጓደኞቹ አንዱ «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ አልሳቀም። ሞራ የጠጣውን ጋቢውን አየ፣ እናቴን አየ፤ እኔ በልቤ በቃ አሁን ይጥለዋል እል ነበር። እሱ ግን ጆንያ ለምኖ ነሐሱን ጠቀለለና ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሐይቁ የሚሄደውን መኪና ያዘ። እዚያ ጎጆ ቢጤ ቀልሶ፣ ክረምቱን ከፕሮፔለሩ ጋር ሊከርም! እስከዚያ ቀን የምጸየፈው ሽታውን ነበር፤ ያን ቀን ግን አባቴን ተጸየፍኩት። እንዲህ ያለ ነገር ስለ አባት መናገር ነውር ነው፣ እኔ ግን ተናግሬያለሁ።

እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች። መጀመሪያ ቆሎ፣ ቀጥሎ ገንፎ፤ ሣህኑም ወደ ዕቃ መደርደሪያው ተመለሰ። አባቴ ከዳር ያጠመደውን ዓሣ በሾፌር እጅ ሲልክልን እናቴ ላስቲኩን ሳትፈታ ለጎረቤት ትሰጥ ነበር። የእኔ የሣር ፍራሽ ብቻ ቢሰጣም ቢገለበጥም ሽታውን አልለቀቀም፤ ስለዚህ ያን መስከረም እናቴ ጎን ስተኛ ሆዷ ውስጥ ያለው ሲራገጥ ጀርባዬን ይመታኝ ነበር።

ወንድሜ ገመቹ በጥቅምት ተወለደ። አባቴ ወሬው ደርሶት እየሮጠ መጣና ደፉ ላይ እንደቆመ እጁን ወደ ሕፃኑ ዘረጋ። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ «ታጥበህ ና» አለችው። ግቢ ወጥቶ በሳሙና ታጠበ፤ ተመልሶ ሲመጣ እጁን አሸተተችና «ገና ነህ» አለችው። እንደገና ወጣ፣ በአሸዋ ፈተገው፣ ቆዳው ቀላ። ተመልሶም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ልጁን ከሩቅ እያየ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እናቴም አየችው፣ ግን አልጠራችውም።

በነጋታው ወደ ሐይቁ ሄዶ ያንኑ ጆንያ ተሸክሞ ሲመለስ አልጋዬ ሥር ሊገፋው ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በራችንን አልፎ ወደ ቁራሌው ግቢ ሲታጠፍ ተከተልኩት። ላስቲኩን ከክንፎቹ ላይ አንድ በአንድ ገፈፈና ነሐሱን በእጅጌው ወልውሎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ቁራሌው በጥርጣሬ እያየው «ኦቦ፣ የማን ንብረት ነው ይኼ?» ቢለው፣ አባቴ ነሐሱን ከሌባ ሲጠብቅ እንዳልኖረ ሁሉ እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ «ካን ኮ ቱሬ» አለ። የእኔ ነበር ማለቱ ነው። ከዚያ ወጥቶ ለጀልባዋ አምቦ ብየዳ ቤት ባለ ሁለት ክንፍ ብረት አዘዘ፣ ለእኔ ደግሞ አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ በአናቱ ተሸክሞ ገባ።

ዛሬም አባቴ ያጠምዳል። ያ አስቀያሚ የዛገ ብረት ከዓመት ዓመት ጀልባዋ ላይ ይከርማል፣ አንድም ሌባ ዞር ብሎ አላየውም፤ ጀልባዋ ግን እንደ በፊቱ አትፈጥንም። እኔ አምቦ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ዓሣ በአፌ አይዞርም፣ አልጋ ሥርም ሳላይ አልተኛም። ጌዶ ስሄድ በዚያው ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ከገመቹ ጋር እንተኛለን፤ እሱ እስኪጎረምስ ድረስ ሲሸናበት ስለኖረ ፀሐይ ላይ ቢውልም ሽንት ሽንት ይላል። ባለፈው ሰሞን ከመናኸሪያው ያንን ሽታ ይዤ ስገባ «እማ፣ ይኼንን ፍራሽ አሁን እንኳ አትጥይውም?» አልኳት። እናቴ አንሶላውን እያነጠፈች ፍራሹን በእጇ መታ መታ አደረገችውና፣ «ተዪው፣ ይሽተት» አለችኝ፤ «የሰው ነው።»