በበረዶው መሀል የወደቀው ሎሚ

አድማሴ የሠራውን ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራው ራሱም አያውቅም ነበር። ረጅም የውሃ ቱቦ፣ የታመቀ አየር የሚይዝ በርሜል መሳይ ዕቃ፣ በመካከላቸው የቧንቧ መክፈቻ። አየሩን በብስክሌት ፓምፕ ይሞላል፤ መክፈቻውን ድንገት ሲያዞረው ቱቦው የጎረሰው ድንች ወደ ሰማይ ይወነጨፋል። ይኸው ነው። ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ዳር ባለችው ሆግቭሊት፣ ከሚኖርበት ፎቅ ሥር፣ ብስክሌት በሚቆለፍባት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሲያጠብቅ ሲፈታ የብርዱን ወራት አጋመሰ።

ስለምን ጀመረው? ሰው ለሚሠራው ሁሉ ምክንያት አለው የሚሉ ሰዎች ራሳቸውን በቅጡ መርምረው አያውቁም። ጧት ቢሮ ያጸዳል፤ ከሰዓት በኋላ የሚያነጋግረው ሰው የለም። መጀመሪያ እጁ ሥራ እንዳይፈታ ብሎ ነበር። ውድነሽ ከፎቁ ፊት ለፊት ከሚያልፈው ሰፊ የውሃ ቦይ ማዶ ያለው ፎቅ ላይ ቤት ስታገኝ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ።

ውድነሽ የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ ናት። እሑድ እሑድ ሮተርዳም፣ በተውሶ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሴ ሲያልቅ «እንዴት ሰነበትክ?» ትለዋለች። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላትና ጫማውን ሊፈልግ ይጣደፋል። አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ ይላካል። እዚህ ሽማግሌው ከየት ይመጣል? ቢገኝስ ወደ ማን ይሄዳል? አባቷ ጎንደር ናቸው። ያለ ሽማግሌ የሚሆን አንድ ነገር ትዝ አለው፤ የጥምቀት ሎሚ። ጎረምሳ የወደዳትን ልጅ በሎሚ ይመታል፤ ሎሚውን አንሥታ ከያዘችው ነገሩ ተጀመረ ማለት ነው። አድማሴ ግን ጎረምሳነቱን ሱዳን በረሃ ጥሎት መጥቷል፤ ፊት ለፊቷ ቆሞ የሚወረውርበት ልብ የለውም። በቱቦ፣ ከማዶ ሆኖ ግን...

ቱቦው ለሎሚው ይሁን የሚሠራው፣ ወይስ ሎሚው ለቱቦው ሰበብ ሆኖ ይሁን፣ ተምታታበት።

ጎረቤቱ ኣስፍሃ፣ በምፅዋ ወደብ መካኒክ የነበሩ ሽማግሌ፣ አየር የሚያፈሰውን መክፈቻ አጠበቁለትና ገላመጡት።

«አንተ ሰውዬ፣ ከመድፍ ሸሽተህ መጥተህ መድፍ ትሠራለህ?»

«መድፍ አይደለም፣ ጋሽ ኣስፍሃ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አድማሴ ቱቦውን በጨርቅ ወለወለ። «ሽማግሌ ነው።»

ኣስፍሃ ከት ብለው ሳቁ። «እንዲህ የሚጮህ ሽማግሌ በዕድሜዬ አላየሁም!»

በፈረንጆች 1985 ጥምቀት ሲውል ቦዩ ድንጋይ ሆኖ ረግቶ ነበር። የውሃ በዓል፣ ውሃው ግን የለም። በበረዶው ላይ የሚንሸራተቱት ጎረቤቶች ገና አልወጡም። ውድነሽ ምንጣፍ ልታራግፍ ወደ በረንዳዋ ስትወጣ አድማሴ ከወዲህኛው ዳር ሆኖ ቱቦውን ከበረንዳዋ ሥር ወዳለው ሣር አነጣጠረ፤ መክፈቻውን አዞረ።

ሲለማመድ የኖረው በድንች ነው። ሎሚው ግን ለቱቦው አነስ ይል ነበርና አየሩ በጎን በጎኑ አመለጠ። ቱቦው ጮኸ፤ ሎሚው ሰነፍ ወፍ ይመስል ጥቂት ከፍ አለና በረዶው መሀል ወድቆ፣ ተንከባልሎ፣ ቆመ። በዚያ ሁሉ ነጭ ላይ ቢጫ።

ውድነሽ ምንጣፏን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ገባች። አድማሴ አለቀልኝ አለ። ካፖርቷን ደርባ ከታች፣ ከማዶው ዳር፣ ብቅ ስትል ግን ይባስ ግራ ገባው።

«አድማሴ! ምን ሆነሃል?»

«ጥምቀት ነው!» አለ። በጣቱም ወደ ሎሚው ጠቆመ።

ሎሚውን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ በረዶው ላይ ወጣች፣ እግሯን እየጎተተች። አድማሴ ይህን በረዶ አምኖት አያውቅም፤ ፈረንጅ ብቻ የሚሸከም ይመስለው ነበር። ብትሰምጥስ? ቱቦውን ጣለና ሮጠ፣ ተንሸራተተ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ሎሚው ዘንድ ሲደርስ ቀድማው አንሥታዋለች።

«ለዓሣዬ ሎሚ አጥቼ ነበር» አለችና ኪሷ ከተተችው፤ ፊቷን መልሳ ሄደች።

እንግዲህ ይህ ምን ማለት ነው? አንሥታዋለች፤ ልትጨምቀው ግን ነው። አድማሴ ከሁለቱም ዳር እኩል ርቆ፣ ጉልበቱ እየጠዘጠዘው ቆመ። ቱቦው ከኋላው በርቀት ተጋድሟል። ሽማግሌው እስከዚህ አድርሶታል፤ ከዚህ ወዲያ የሚናገርለት የለም።

ውድነሽ ሳትዞር ተጣራች።

«እዚያ ቆመህ በረዶውን ልታቀልጠው ነው? ዓሣው ይቀዘቅዛል እኮ!»

እሺታ ይሁን ርኅራኄ ሊለየው አልቻለም። እግሩን እየጎተተ ተከተላት።